ለጥየቃ አሜሪካ የመጡ ወላጅ ቢታመሙ፦ «አይከለክሉም» እና «ነጻ ነው» ለየቅል ናቸው

አራስ ልጃቸውን ሊያርሱ ከአዲስ አበባ ሜሪላንድ የገቡ እናት፣ በሦስተኛው ሳምንት ሌሊት ላይ ደረታቸውን አፈናቸው እንበል። ቤት ውስጥ ወዲያው ሁለት ምክር ይሰማል። አንዱ «ኢመርጀንሲ ውሰዷቸው፤ ሕጉ አይከለክልም፣ ቢል ቢመጣም አይከፈልም» ይላል። ሌላው «ኢንሹራንስ የላቸው፣ ቤታችሁን ታስወስዳላችሁ» ብሎ ዝንጅብል ያፈላል፤ ይንጋና እንይ ባይ ነው። የመጀመሪያው ስለ ህክምናው ልክ ነው፣ ስለ ገንዘቡ ተሳስቷል። ሁለተኛው ስለ ገንዘቡ አጋኗል፤ ስለ ህክምናው የሚሰጠው ምክር ደግሞ ሰው ሊገድል ይችላል።

ግራ መጋባቱ ከ2025 ወዲህ ብሷል (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ጁላይ 4 ቀን 2025 የተፈረመው ትልቁ የበጀት ሕግ ስደተኞችና ጥገኝነት ያገኙ ሰዎች ከመንግሥት የጤና መድን የሚያገኙትን ነገር ቆርጧል። በዚያው ዓመት ስለ «የመንግሥት ሸክም» የሚናገረው፣ ማለትም በመንግሥት እርዳታ ይኖራል ተብሎ የሚገመት ሰው ቪዛ ወይም ግሪን ካርድ ሊከለከል ይችላል የሚለው የኢሚግሬሽን ደንብ እንዲቀየር ሐሳብ ቀርቧል። ወሬው ሁሉንም አንድ ላይ አፍልቶ ያቀርበዋል፤ በጎብኚ ቪዛ የመጡ እናት፣ ግሪን ካርድ የያዙ አባትና ጥገኝነት የጠየቀ ወንድም ግን ለየብቻ ሕግ አላቸው። ይህ ጽሑፍ በዋናነት የሚመለከተው ቢ-2 በሚባለው የጎብኚ ቪዛ የመጡትን ነው። የግሪን ካርዱን ነገር ወደ መጨረሻው እናነሳዋለን።

ሕጉ የሚያስገድደውና የማያስገድደው

ሁሉም የሚጠቅሰው ሕግ በ1986 የወጣው፣ በምህጻሩ ኤምታላ የሚባለው ነው። የሚያስገድደው ድንገተኛ ክፍል ያላቸውንና ከሜዲኬር፣ ማለትም ከአረጋውያኑ የመንግሥት የጤና መድን፣ ገንዘብ የሚቀበሉትን ሆስፒታሎች ነው። ይህም ሁሉንም ለማለት ጥቂት የቀረው ነው። ግዴታው ሁለት ነው። አንደኛ፣ የመጣውን ሰው ዜግነቱንም ኪሱንም ሳያዩ ድንገተኛ ችግር እንዳለበት መመርመር። ሁለተኛ፣ ችግር ከተገኘ ሁኔታው እስኪረጋጋ ማከም ወይም ወደሚችል ሆስፒታል በአግባቡ ማስተላለፍ። ስለ ክፍያ ለመጠየቅ ተብሎ ምርመራውን ማዘግየት ክልክል ነው።

ስለ ዋጋ ግን ሕጉ ምንም አይልም። ሆስፒታሉ አክሞ ሲጨርስ ሙሉ ሂሳቡን ይልካል። ሆስፒታሎቹ በበኩላቸው ግዴታ ሲጣልባቸው ማካካሻ ገንዘብ አልተመደበልንም ብለው ያማርራሉ። የታካሚ መብት ተከራካሪዎች ደግሞ ሕጉ ባይኖር ሰው በር ላይ ይሞት ነበር ይላሉ። ሁለቱም እውነት ነው፤ ቢሉ እንዲህ የሚወፍረውም አንድም በዚህ ሳቢያ ነው።

ሌላው የሚሳተው ነገር «ማረጋጋት» ከ«ማዳን» መለየቱ ነው። ኩላሊታቸው የደከመ እናት ፖታሲየማቸው ለሕይወት በሚያሰጋ ደረጃ ከፍ ካለ ዲያሊስስ (የኩላሊት እጥበት) ይደረግላቸዋል። በሳምንት ሦስት ቀን የሚቀጥል የዲያሊስስ ቀጠሮ ግን በዚህ ሕግ አይገኝም። ዕጢ የተገኘባቸው ከሆነ ደሙ ይቆማል፣ ሕመሙ ይታገሣል፣ ከዚያ «የካንሰር ሐኪም ይዩ» የሚል ወረቀት ይዘው ይወጣሉ። ቤተሰብ ክፉኛ የሚጨነቀው ደግሞ ወላጅ ወድቀው ዳሌያቸው ሲሰበር ነው። ቀዶ ሕክምናው ይሠራል፤ ቀጥሎ የሚያስፈልገው የማገገሚያ ማዕከል ግን ድንገተኛ ክፍል ስላልሆነ መድን የሌለውን ሰው የመቀበል ግዴታ የለበትም። ስለዚህ በሽተኛው ከአልጋ መነሳት ሳይችል ወደ ልጁ ሳሎን ይመለሳል፣ ፊዚዮቴራፒውም ከኪስ ይከፈላል።

በር ላይ የሚነገረው አማርኛ

ድንገተኛ ክፍል ሲደረስ መጀመሪያ የምታነጋግረው ነርስ ማን ቀድሞ እንደሚታይ የምትለየው ናት። የምትወስነው በምትሰማው ቃል ነው፣ እዚህ ላይ ደግሞ አማርኛችን ወጥመድ አለው። «ጨጓራዬ ተነሳብኝ» ማለት ከእምብርት በላይ እስከ ጡት ድረስ ያለውን ማቃጠል ሁሉ ይሸፍናል። ልጅ ቃሉን እንዳለ ወደ «ጋስትራይተስ» ከለወጠው ወረፋው ይረዝማል። ድንገተኛ የልብ ጥቃት (ሃርት አታክ) ደግሞ በተለይ በሴቶች፣ በአረጋውያንና በስኳር ሕመምተኞች ላይ በማቅለሽለሽ፣ በላብና በትንፋሽ ማጠር መልክ ሊመጣ ይችላል። «ብርድ መታኝ» የሚሉ እናት ጎናቸውን እየወጋቸው ሊሆን ይችላል፤ «ኮልድ» ተብሎ ሲተረጎም ግን ጉንፋን ሆኖ ይጻፋል። «ነርቭ» ስንል የእግር መደንዘዝ ማለታችን ነው፣ እንግሊዝኛው ግን ጭንቀት ሊያስመስለው ይችላል። «ደም አነሰኝ» የሚለው ደግሞ ለደም ማነስም ለግፊት መውረድም ይነገራል።

መፍትሔው የበሽታውን ስም መተው ነው። የት ቦታ፣ ከስንት ሰዓት ጀምሮ፣ ወዴት እንደሚሄድ፣ ላብና ትንፋሽ ማጠር መኖሩን በቀጥታ መናገር ይበልጣል። ሆስፒታሉ በነጻ ብቁ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ግዴታው የሚመነጨው ከ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግና ኦባማኬር ከሚባለው የጤና ሕግ አንቀጽ 1557 ነው። አስተርጓሚው አብዛኛውን ጊዜ በስልክ ወይም በቪዲዮ ይገኛል። «ልጄ ይተረጉምልኛል» ብሎ መመለስ የተለመደ ነው፤ ነገር ግን እናት በልጃቸው ፊት ስለ ማሕፀን ደም ወይም ስለ ሽንት አይናገሩም። የአስተርጓሚው ጥቅም ከቋንቋም ያልፋል።

የመድኃኒቱም ስም ይቀየራል። በኢትዮጵያ ግሊቤንክላማይድ የምንለው የስኳር ኪኒን በአሜሪካ ግላይቡራይድ ነው። ሳልቡታሞል አልቡቴሮል ይባላል፣ ፓራሲታሞል ደግሞ አሲታሚኖፌን ነው፤ ታይለኖል የሚባለው ራሱ ነው። ከአገር ቤት የመጣ ፓራሲታሞል እየወሰዱ ታይለኖል መጨመር ጉበት የሚጎዳ መጠን ላይ ያደርሳል። ወላጅ ሲመጡ መድኃኒቱን ከነማሸጊያው፣ የሐኪም ማዘዣውንና በእንግሊዝኛ የተጻፈ አጭር የሕክምና ማስረጃ ይዘው ቢመጡ ይመረጣል። ለግል መጠቀሚያ ከ90 ቀን በላይ የማይሆን መጠን ይዞ መግባት የተለመደው ገደብ ነው፤ ስድስት ወር ለመቆየት ላሰበ ሰው ይህ ግማሹን ብቻ ይሸፍናል።

የጎብኚ መድን፦ ምን እየተገዛ ነው?

ለሼንገን ቪዛ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ መድን ማቅረብ ግዴታ ነው። የአሜሪካ ጎብኚ ቪዛ እንዲህ ያለ መስፈርት የለውም። ብዙ ወላጆች ያለ ምንም መድን የሚመጡት ስለዚህ ነው። የሚገዙትም ቢሆኑ በዋጋ አነጻጽረው ይገዛሉ፣ ልዩነቱ ያለው ግን በዓይነቱ ላይ ነው።

አንደኛው ዓይነት ቋሚ ክፍያ ያለው ነው። ውሉ ለእያንዳንዱ አገልግሎት የሚከፍለው የተቆረጠ መጠን አለው፤ ለምሳሌ ለአንድ የሐኪም ቀጠሮ 70 ዶላር፣ ለአንድ የሆስፒታል አዳር 1,500 ዶላር። ሆስፒታሉ ለዚያው አዳር 8,000 ቢጠይቅ ቀሪው 6,500 የቤተሰቡ ነው። ርካሽ የሆነው ለዚህ ነው፤ «ኢንሹራንስ ነበራቸው፣ ግን ምንም አልከፈለም» የሚባለው ቅሬታም ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከዚህ ዓይነቱ ውል ነው።

ሁለተኛው አጠቃላይ የሚባለው ሲሆን የሚሠራው በመቶኛ ነው። መጀመሪያ ዲዳክቲብል አለ፤ መድኑ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ታካሚው ከኪሱ የሚያወጣው ማለት ነው። ቀጥሎ መድኑ ከመጀመሪያው 5,000 ዶላር 80 በመቶውን፣ ከዚያ በላይ ያለውን ሙሉ በሙሉ እስከ ጣሪያው ይከፍላል። ዲዳክቲብሉ 250 ዶላር በሆነ እንዲህ ያለ ውል ላይ የ30,000 ዶላር ቢል ቢመጣ፣ ቤተሰቡ 250 እና የመጀመሪያውን 5,000 ሃያ በመቶ፣ ማለትም 1,000 ይከፍላል፤ በድምሩ 1,250። ቀሪውን 28,750 መድኑ ይሸፍናል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን በሽታው አዲስ ከሆነ ነው። ከጉዞው በፊት የነበረ ሕመም ሁሉ «ነባር ሕመም» ተብሎ ከሽፋኑ ይወጣል፤ ምርመራ ተደርጎለት የማያውቅም ቢሆን ምልክቱ አስቀድሞ ከነበረ እንደ ነባር ሊቆጠር ይችላል። ግፊትና ስኳር ላለባቸው ወላጆች ዋናው ጣጣ ይህ ነው። ስትሮክ ቢመታቸው መድኑ «ከነባሩ ግፊት የመጣ ነው» ሊል ይችላል። ብዙ አጠቃላይ ውሎች ለዚህ አንድ ጠባብ መስኮት ይተዋሉ፤ የነባር ሕመም ድንገተኛ መባባስ የሚሉት ነው። ሁኔታው ያለ ማስጠንቀቂያ በድንገት የመጣ መሆን አለበት፣ ህክምናውም አብዛኛውን ጊዜ በ24 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። «ለሦስት ቀን ሲያመኝ ነበር» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር በነርሷ መዝገብ ላይ ከሰፈረ መስኮቱ ይዘጋል። ይህ ማለት ይዋሽ ማለት አይደለም፤ ሐኪም የሚያክመው በሰማው ነው፣ መድን ሰጪውም ከአዲስ አበባ የሕክምና ካርድ ድረስ ሊጠይቅ ይችላል። ሦስት ቀን መጠበቁ ለልብም ለኪስም እንደማይበጅ ግን ያሳያል። መስኮቱ የዕድሜ ገደብም አለው፤ ብዙ ጊዜ በ70 ወይም በ80 ዓመት ይዘጋል። ከዚያ ወዲህ የሽፋን ጣሪያውም ራሱ ይወርዳል።

ብዙ ሰው የሚወድቅበት ሌላ ጉድጓድ እድሳት ነው። እናት ለሦስት ወር መድን ተገዛላቸው፣ በሁለተኛው ወር የሐሞት ጠጠር ተገኘ፣ ቆይታቸው ተራዘመና ልጅ ከሌላ ድርጅት አዲስ ውል ገዛ እንበል። ለአዲሱ ውል የሐሞት ጠጠሩ ነባር ሕመም ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው ለሙሉ ቆይታው መግዛት፣ ካልሆነም ያንኑ ውል ሳይቋረጥ ማራዘም ይሻላል። ድንበር ላይ የሚሰጠው ጊዜ በተለምዶ ስድስት ወር ስለሆነ ስድስት ወሩን መግዛት ከነገሩ ጋር ይሄዳል፤ ቀድሞ የሚመለስ ሰው ያልተጠቀመበትን ጊዜ ገንዘብ የሚያስመልስ ውልም አለ፣ ካሳ ካልተጠየቀበት።

ካርዱ ላይ ያለውን ስልክ ማንም አይደውልም፤ መደወል ግን ያስፈልጋል። ሆስፒታል መተኛትን አስቀድሞ ወይም በድንገተኛ ጊዜ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ማሳወቅ በብዙ ውሎች ግዴታ ነው። ካልተደረገ የሚከፈለው መጠን በከፊል ይቆረጣል። የካሳ ጥያቄው ማቅረቢያ ጊዜም ብዙ ጊዜ 90 ቀን አካባቢ ነው። አብረው የሚሄዱት ወረቀቶች የተሞላ ቅጽ፣ ዝርዝር ቢል፣ የሐኪሙ ማስታወሻ፣ የፓስፖርት ቅጂና አይ-94 የሚባለው የመግቢያ መዝገብ ናቸው።

ታዲያ መግዛቱ ያዋጣል? «ሽማግሌ የሚታመመው በነባር በሽታው ነው፣ እሱን ደግሞ አይሸፍኑም፤ ገንዘብ ማባከን ነው» የሚሉ አሉ። መልሱ በዕድሜ ይለያያል። ከ70 ዓመት በታች ለሆኑና ከባድ ነባር ሕመም ለሌላቸው ወላጆች አጠቃላዩ ውል በግልጽ ያዋጣል፤ ትርፍ አንጀት፣ የሳንባ ምች፣ በበረዶ ተንሸራቶ መውደቅ፣ የመኪና አደጋ ሁሉ አዲስ ነገር ነው። 80 ያለፉ፣ ስኳርም ግፊትም ያለባቸው ከሆኑ ክርክሩ ሚዛን ላይ ይቆማል። ሽፋኑ የሚያገለግለው ለአደጋና ለጥቂት አዲስ ሕመሞች ብቻ ስለሚሆን፣ ከመድኑ ጎን መጠባበቂያ ገንዘብ ማስቀመጥና ቀጥሎ የሚመጣውን የሆስፒታል እርዳታ አሠራር ማወቅ የግድ ነው። የማያዋጣው በየትኛውም ዕድሜ ቋሚ ክፍያ ያለውን ውል ገዝቶ መድን አለን ብሎ መተኛት ነው።

ቢሉ ሲመጣ

ቢሉ አንድ አይደለም። ለአንድ ሌሊት የሆስፒታሉ ራሱ፣ የድንገተኛ ክፍሉ ሐኪም፣ ራጁን ያነበበው ሐኪም፣ ላቦራቶሪውና አምቡላንሱ እያንዳንዳቸው ለየብቻ ሊልኩ ይችላሉ፤ የመጨረሻው ከሁለት ሦስት ወር በኋላ፣ እናት አገራቸው ከገቡ በኋላ ሊደርስ ይችላል።

የመጀመሪያው ውሳኔ የሚመጣው ግን ከቢሉ በፊት፣ ሲገቡ በሚፈረመው ወረቀት ላይ ነው። «ጋራንተር» የሚል ሳጥን አለ፤ ዕዳውን ለመክፈል ኃላፊነት የሚወስድ ሰው ማለት ነው። አዋቂ የሆነ ታካሚ ዕዳ የራሱ ነው፤ ልጅ በዚያ ሳጥን ውስጥ ስሙን ካልፈረመ በስተቀር በአብዛኛው ግዛቶች የወላጁን ቢል የመክፈል ግዴታ የለበትም (ልጆችን ስለ ወላጅ ተጠያቂ የሚያደርግ ያረጀ ሕግ የሚሠራባቸው እንደ ፔንሲልቬኒያ ያሉ ጥቂት ግዛቶች አሉ)። እናት ራሳቸው መፈረም የሚችሉ ከሆነ ራሳቸው ይፈርሙ። ባለማወቅ ጋራንተር የሆነ ልጅ ላይ ዕዳው ኮሌክሽን ወደሚባሉት ዕዳ ሰብሳቢዎች፣ ከዚያም ወደ ክሬዲት መዝገቡ ሊሄድ ይችላል።

ቀጥሎ የሚጠየቀው ዝርዝር ቢል ነው፤ እያንዳንዱ አገልግሎት ከነኮዱ የተጻፈበት። የድንገተኛ ክፍል ምርመራ ከ99281 እስከ 99285 ባሉ ኮዶች በአምስት ደረጃዎች ይመደባል። ኪኒን ተሰጥቷቸው በሁለት ሰዓት የወጡ ሰው በአምስተኛው፣ በውዱ ደረጃ ተመዝግበው ከሆነ ማብራሪያ መጠየቅ ተገቢ ነው። ሁለቴ የተመዘገበ ምርመራም አልፎ አልፎ ይገኛል።

ዋናው ቁልፍ ግን ፋይናንሻል አሲስታንስ ወይም ቻሪቲ ኬር የሚባለው የሆስፒታሉ የራሱ እርዳታ ነው። ከግብር ነጻ የሆኑ ለትርፍ ያልቆሙ ሆስፒታሎች የጽሑፍ የእርዳታ ፖሊሲ እንዲኖራቸው የፌዴራል የግብር ሕግ ያስገድዳል። የመጀመሪያው ቢል ከወጣበት ቀን ጀምሮ ቢያንስ ለ240 ቀን ማመልከቻ መቀበል አለባቸው፤ በመጀመሪያዎቹ 120 ቀናት ውስጥ ደግሞ ክስንና የክሬዲት ሪፖርትን የመሰሉ ከባድ የማስከፈያ እርምጃዎች መውሰድ አይችሉም። እርዳታው ከተፈቀደ መድን ላለው ሰው በተለምዶ ከሚጠየቀው በላይ ማስከፈል ክልክል ነው። ለትርፍ የሚሠሩ ሆስፒታሎች በዚህ ሕግ አይገዙም፤ ስለዚህ ስልክ ተደውሎ መጀመሪያ የሚጣራው ሆስፒታሉ የትኛው ዓይነት እንደሆነ ነው።

ለጎብኚ የሚያስቸግረው የነዋሪነት ጥያቄ ነው። አንዳንድ ሆስፒታሎች እርዳታውን ለአካባቢያቸው ነዋሪ ብቻ ይሰጣሉ፣ ሌሎች ድንገተኛ ህክምናን ከዚህ ገደብ ነጻ ያደርጋሉ። ፖሊሲው ድረ ገጻቸው ላይ መውጣት ስላለበት ከማመልከት በፊት ማንበብ ይቻላል። የትኞቹ ሐኪሞች በእርዳታው እንደሚካተቱም ዝርዝር አያይዘው የማውጣት ግዴታ አለባቸው፤ የሆስፒታሉ ቢል ተሰርዞ የሐኪሙ ቢል ሙሉውን የሚመጣው ሐኪሙ የሌላ ድርጅት ተቀጣሪ ሲሆን ነው። የገቢ ማስረጃ ሲጠየቅ የማን ገቢ እንደሚቆጠር መጠየቅ ያስፈልጋል፤ የእናትየው የጡረታ ብርና የአስተናጋጁ ልጅ ደመወዝ በጣም የተለያየ ውጤት ይሰጣሉ።

ግዛቱም ልዩነት ያመጣል። ሜሪላንድ ውስጥ የሆስፒታል ዋጋ የሚተምነው የግዛቱ ኮሚሽን ስለሆነ መድን የሌለው ሰው የሚጠየቀው እንደሌላው ቦታ አልተጋነነም፤ በምላሹ «ስንት ልክፈላችሁ» ብሎ መከራከሪያው ቦታ ጠባብ ነው። ገቢያቸው ከፌዴራሉ የድህነት መስመር ሁለት እጥፍ ለማይበልጥ ሰዎች ሆስፒታሎች በነጻ እንዲያክሙም የግዛቱ ሕግ ያዛል። መስመሩ በ2025 ለአንድ ሰው 15,650 ዶላር ነበር። ወንዙን ተሻግሮ ቨርጂኒያ ግን እንዲህ ያለ የዋጋ ተማኝ የለም፤ በጥሬ ገንዘብ ለሚከፍል ቅናሽ ማስደረግ እዚያ ላይ ይሠራል። ሆስፒታሎች የጥሬ ገንዘብ ዋጋቸውን እንዲያወጡ ከ2021 ጀምሮ ስለሚገደዱ፣ ድርድሩ ከዚያ ቁጥር ይጀምር።

አንድ ማስጠንቀቂያ። የሆስፒታሉ የክፍያ አማካሪ «ኢመርጀንሲ ሜዲኬይድ እንሙላላችሁ» ልትል ትችላለች። ሜዲኬይድ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የሚሰጥ የመንግሥት የጤና መድን ነው፤ ለድንገተኛ ህክምና የሚሰጠውም የግዛት ነዋሪነትን ይጠይቃል። ሊጠይቁ የመጡ ወላጅ ነዋሪ አይደሉም፤ ነዋሪ ነኝ ብለው ከፈረሙ ለቪዛ ቃለ መጠይቅ ከተናገሩት ጋር የሚጋጭ ቃል በመንግሥት ፋይል ውስጥ አስቀመጡ ማለት ነው። ሴትዮዋ በደግነት ነው የምትጠይቀው። ቢሆንም «በጎብኚ ቪዛ ነው ያሉት» ብሎ በግልጽ መናገር ያስፈልጋል።

ሌሊት ካልሆነ፣ ለሕይወትም ካላሰጋ

የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ የጆሮ ሕመም፣ ያለቀ የግፊት ኪኒን ድንገተኛ ክፍል አያስፈልጋቸውም። ኧርጀንት ኬር የሚባሉት ክሊኒኮች ዋጋቸውን አስቀድመው ይናገራሉ፣ ከድንገተኛ ክፍልም በብዙ ይረክሳሉ። የፌዴራል ድጎማ ያላቸው የማኅበረሰብ ጤና ጣቢያዎች ደግሞ በገቢ ልክ የሚቀንስ ክፍያ አላቸው። እነዚህን በተመለከተ ጁላይ 2025 የፌዴራሉ የጤና መሥሪያ ቤት ሕጋዊ ወረቀት የሌላቸውን የሚገድብ ማስታወቂያ አውጥቶ ነበር፤ በከሰሱት ግዛቶች ውስጥ ፍርድ ቤት አግዶታል። ከመሄድ በፊት ደውሎ መጠየቅ ይበጃል። ቀጠሮ ያለው ህክምና ከሆነ ደግሞ መድን የሌለው ሰው በጽሑፍ የዋጋ ግምት የማግኘት መብት አለው፤ የመጣው ቢል ከግምቱ በ400 ዶላርና ከዚያ በላይ ከበለጠ በ120 ቀን ውስጥ መከራከር ይችላል።

ኢንሱሊን ላለቀባቸው፦ የድሮዎቹ ዓይነቶች፣ ሌንቴ ብለን የለመድነውን የሚተካው ኤንፒኤች እና ሬጉላር፣ በአብዛኞቹ ግዛቶች ያለ ማዘዣ ይሸጣሉ። ዋልማርት ፋርማሲ ጠርሙሱን በ25 ዶላር ገደማ ይሸጠዋል። መደርደሪያ ላይ የለም፣ ፋርማሲስቱን መጠየቅ ነው። ሐኪም ሳያማክሩ ከአንዱ ዓይነት ወደ ሌላው መዝለል ግን ስኳሩን ሊጥለው ይችላል።

ግሪን ካርድ የያዙ ወላጆች

እዚህ ስሌቱ ይለወጣል። ግሪን ካርድ ያገኘ ሰው በ1996ቱ ሕግ መሠረት ለመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት ሜዲኬይድ አያገኝም፣ ግዛቱ በራሱ ገንዘብ ካልሸፈነ በስተቀር። ሜዲኬርንም ቢሆን 65 ዓመት ሞልቷቸው አምስት ዓመት ሳያቋርጡ ከኖሩ በኋላ መግዛት ይችላሉ እንጂ በነጻ አይሰጣቸውም፤ በ2026 አሜሪካ ሠርቶ ለማያውቅ ሰው የሆስፒታሉ ክፍል በወር 565 ዶላር፣ የሐኪሙ ክፍል 202 ዶላር ከ90 ሳንቲም ነው። እስከዚያ ድረስ የነበረው መውጫ ማርኬትፕሌስ የሚባለው የመንግሥት የመድን ገበያ ነበር፤ ገቢ የሌላቸው አዲስ ወላጆችም ድጎማ ያገኙበት ነበር። ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ ገቢያቸው ከድህነት መስመሩ በታች ለሆኑ አዲስ ግሪን ካርድ ያዦች ይህ ድጎማ ተቋርጧል።

የድጎማው ስሌት ግን የሚሠራው በግብር ቤተሰብ ነው። ልጅ ወላጆቹን በግብር ማስታወቂያው ጥገኛ አድርጎ ካስመዘገበ የሚታየው የልጁ ገቢ ስለሚሆን፣ ቤተሰቡ ከመስመሩ በላይ ይወጣና ድጎማው ሊከፈት ይችላል። ገቢው ከመስመሩ አራት እጥፍ ካለፈ ደግሞ ከላይ ይዘጋል፤ ያንን ጣሪያ ያነሳው ጊዜያዊ ጭማሪ በ2025 መጨረሻ አብቅቷል። አዲስ ለመጣ ሰው የመመዝገቢያው መስኮት 60 ቀን ነው። ሻንጣ ሳይፈታ ቀኑ ይሮጣል። ስደተኞችንና ጥገኝነት ያገኙትን የሚመለከተው ትልቁ ለውጥ፣ የሜዲኬይድ መቋረጥ፣ የሚጀምረው ኦክቶበር 1 ቀን 2026 ነው፤ ግሪን ካርድ ማመልከት የሚችሉ ቢያዘገዩት ዋጋ ያስከፍላቸዋል።

ቪዛው ላይ ያለው ጣጣ

«ሆስፒታል ከገቡ ሁለተኛ ቪዛ አያገኙም» የሚለው ወሬ ሰው ታሞ እንዲተኛ እያደረገ ነው። «የመንግሥት ሸክም» የሚባለው ደንብ በ2022 ተጽፎ በሥራ ላይ በዋለው መልኩ የሚያየው ለኑሮ የሚሰጥ የጥሬ ገንዘብ እርዳታንና በመንግሥት ወጪ ለረጅም ጊዜ ተቋም ውስጥ መኖርን ነው። ኖቬምበር 2025 መንግሥት ይህን ደንብ ለመሻር ሐሳብ አቅርቧል፤ ለመኮንኖች ሰፊ የመመዘን ሥልጣን የሚሰጥ አካሄድ ነው። የሆስፒታል ቻሪቲ ኬር ከመንግሥት የሚሰጥ እርዳታ አይደለም። ለግል ሆስፒታል ያለ ዕዳም ብቻውን ቪዛ የሚያስከለክል የሕግ አንቀጽ የለውም።

ይህ ግን ግማሹ ነው። የቆንስላ መኮንን «ባለፈው ሲሄዱ ታክመዋል? ማን ከፈለ?» ብሎ መጠየቅ ይችላል፣ ውሳኔውም በእጁ ነው። ለመታከም ብለው የሚሄዱ ሰዎችማ ከመጀመሪያው ሌላ ፋይል ነው የሚያስፈልጋቸው፦ የአገር ቤት ሐኪም ምርመራ፣ ህክምናውን ለመስጠት የተስማማ የአሜሪካ ሐኪም ወይም ሆስፒታል ደብዳቤ ከግምታዊ ዋጋና ጊዜ ጋር፣ የሚከፍለውም ሰው የባንክ ማስረጃ። ሊጠይቁ ነው ብሎ ገብቶ በማግስቱ ለአሮጌ የጉልበት ሕመም ቀዶ ሕክምና ቀጠሮ መያዝ መኮንኑ ባይናገርም የሚያየው ነገር ነው።

ሕመሙ ቆይታውን ካራዘመው ደግሞ በአይ-94 ላይ ያለው ቀን ከማለፉ በፊት አይ-539 የሚባለው የማራዘሚያ ቅጽ ከሐኪም ደብዳቤ ጋር መግባት አለበት። ዳሌያቸው ተሰብሮ መቀመጥ የማይችሉ ወላጅ ቀኑ አልፎባቸው ቢገኙ፣ ቀጣዩን ቪዛ የሚያበላሸው ከሆስፒታሉ ቢል ይልቅ ይህ ነው። ቢሉ ሲያልቅ፣ ተከፍሎም ሆነ በእርዳታ ተሰርዞ፣ ሆስፒታሉ ቀሪ ሂሳብ ዜሮ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ሲጠየቅ ይጽፋል። የዚያ ደብዳቤ አንድ ቅጂ ከእርዳታው ማጽደቂያ ጋር አዲስ አበባ ላሉት ወላጅ መላክ አለበት፤ ሁለት ዓመት ቆይቶ ቃለ መጠይቁ ላይ ጥያቄው የሚነሳው ለእሳቸው ነው።